«በላሁ» እና «በልቻለሁ»፦ ፕረዘንት ፐርፌክትን ከአማርኛችን ተነስተን እንማር



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የሚመለከተው ብዙዎቻችን «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብለን የምናልፈውን፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ደጋግሞ የሚጥለንን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ክፍል ነው፤ ፕረዘንት ፐርፌክትን።

ነገሩን ያነሳነው በምክንያት ነው። አንዲት እህታችን ለነፃ የትምህርት ዕድል ስታመለክት ስለ ራሷ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈች። እህታችን በየሳምንቱ ቅዳሜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በነፃ ታስጠናለች፤ ደብዳቤው በተጻፈበት ጊዜ ሥራውን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። በደብዳቤዋ ላይ «አይ ቶት ሃይ ስኩል ስቱደንትስ ፎር ቱ የርስ» ብላ አሰፈረች። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋይ ዲድ ዩ ስቶፕ?» የሚል ሆነ፤ «ለምን አቆምሽ?» ማለት ነው። እህታችን ግራ ተጋባች፤ ምክንያቱም አላቆመችም። ባለፈው ቅዳሜም እያስጠናች ነበር።

ጠያቂው አልተሳሳተም። የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የሚናገረው «ለሁለት ዓመት አስተማርኩ፤ አሁን ግን ያ ነገር አብቅቷል» የሚለውን ነው። እሷ በቃል የማስረዳት ዕድል ስላገኘች ነገሩ ተስተካከለ። ማመልከቻው በወረቀት ብቻ የሚታይ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ከሁሉ በላይ ያሳፈረን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት አንብበን «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» ያልነው እኛው ነን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ትምህርት፣ ለእኛ ደግሞ የዕዳ ክፍያ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍናቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። እያንዳንዱን ምሳሌ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጣችሁ ጻፉት። ጆሮም እጅም አብረው ሲማሩ ትምህርቱ ይጸናል።

አሠራሩ

አሠራሩ ቀላል ነው። «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» እናስቀድማለን፤ ከዚያ ሦስተኛውን የግስ መልክ፣ ማለትም ፓስት ፓርቲሲፕል የሚባለውን እናስከትላለን። «አይ»፣ «ዩ»፣ «ዊ» እና «ዜይ» ሲሆን «ሃቭ» ነው፤ «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ወይም የአንድ ሰው ስም ሲሆን «ሃዝ» ነው።

«አይ ሃቭ ፊኒሽድ»፦ ጨርሻለሁ።
«ሺ ሃዝ ፊኒሽድ»፦ ጨርሳለች።
«ሃቭ ዩ ፊኒሽድ?»፦ ጨርሰሃል? ጨርሰሻል?
«ዜይ ሃቭ ኖት ፊኒሽድ»፦ አልጨረሱም።

እንደ «ፊኒሽ» ባሉ ግሶች ሁለተኛውና ሦስተኛው መልክ አንድ ስለሆነ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው መልካቸውን በሚቀያይሩት ላይ ነው። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»፤ «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን»፤ «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን»፤ «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን»፤ «ሲ፣ ሶው፣ ሲን»፤ «ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን»። «አይ ሃቭ ዌንት» እና «አይ ሃቭ ሮት» የሚሉትን በግቢያችን በየቀኑ እንሰማቸዋለን፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። «አይ ሃቭ ጎን» እና «አይ ሃቭ ሪትን» ነው የሚባለው። ለዚህ ከመሸምደድ ሌላ አቋራጭ የለውም፤ በቀን አምስት ግስ የያዘ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ይጨርሳል።

ፍሬ ነገሩ

አሠራሩን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ ስንማር ነው የመጣነው። የሚጎድለን መቼ እንደምንጠቀምበት ማወቁ ነው። ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦

የምናገረው ስለ ትናንት ነው ወይስ ስለ አሁን?

ፕረዘንት ፐርፌክት ስሙ እንደሚነግረን «ፕረዘንት» ነው። ድርጊቱ ባለፈ ጊዜ ቢፈጸምም ተናጋሪው ዓይኑ አሁን ላይ ነው፤ አሁን በእጁ ስላለው ነገር ነው የሚናገረው። ሲምፕል ፓስት ግን ድርጊቱን በነበረበት ጊዜ ላይ ትቶት ይመጣል።

ምሳሌ እንይ። የተማሪ መታወቂያችሁ ጠፍቶ ወደ ሬጅስትራር ሄዳችኋል እንበል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ አይዲ ካርድ» ስትሉ «መታወቂያዬ ጠፍቶብኛል» ማለታችሁ ነው፤ አሁን የለኝም፣ እርዱኝ የሚል መልእክት አለው። «አይ ሎስት ማይ አይዲ ካርድ ላስት የር» ስትሉ ግን «አምና መታወቂያዬ ጠፍቶ ነበር» ነው፤ ሰሚው ከዚያ በኋላ ተገኝቶ ይሁን ተተክቶ ከዓረፍተ ነገሩ አያውቅም። የመጀመሪያው ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ታሪክ ነው።

ከአማርኛ ጋር የሚገጥምባቸው ሦስት ቦታዎች

አንደኛ፦ ውጤቱ አሁን ሲታይ። «በልቻለሁ»፣ «መጥቷል»፣ «ጠፍቶብኛል» የሚለው የአማርኛ መልክ ለፕረዘንት ፐርፌክት የቅርብ ዘመድ ነው። ጓደኛችሁ «ና፣ ምሳ እንብላ» ሲላችሁ «በልቻለሁ» ትላላችሁ እንጂ «በላሁ» አትሉም፤ ምክንያቱም የምትነግሩት አሁን ስላላችሁበት ሁኔታ ነው፤ ጠግባችኋል። «አይ ሃቭ ኦልረዲ ኢትን» ማለት ነው። በረመዳን አዛን ሲሰማ «መግሪብ ገብቷል» እንደምንለው ሁሉ ጓደኛችንን «ሃቭ ዩ ብሮክን ዩር ፋስት?» ብለን እንጠይቃለን፤ «አፍጥረሃል?» ነው።

ሁለተኛ፦ በሕይወታችን ያጋጠመንን ስንናገር። እዚህ ላይ አማርኛችን «ያውቃል» የሚለውን ግስ ይጠቀማል። «ሐረር ሄደህ ታውቃለህ?» ለሚለው እንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐረር?» ነው። «ሄጄ አላውቅም» ደግሞ «አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ዘር» ይሆናል። «ማወቅ» የሚለው ቃል ስላለ ብቻ «ኖው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ መፈለግ አያስፈልግም። «ታውቃለህ» ስትሉ አእምሯችሁ ውስጥ «ኤቨር»፣ «አላውቅም» ስትሉ ደግሞ «ኔቨር» ይብራ።

እዚሁ ላይ «ቢን» እና «ጎን» የሚባሉትን እንለይ። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ሐረር» ማለት ሐረር ሄዶ ያውቃል፣ ተመልሷል ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ሐረር» ማለት ደግሞ ሐረር ሄዷል፣ አሁን እዚህ የለም ማለት ነው። አንድ ወንድም አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ሐረር» ብትሉ ሰሚው ይስቃል።

ሦስተኛ፦ ተጀምሮ እስካሁን የቀጠለ ነገር ስንናገር። የእህታችን ደብዳቤ የወደቀው እዚህ ነው። «አይ ሃቭ ቶት ስቱደንትስ ፎር ቱ የርስ» ብትል ኖሮ ሥራው እስካሁን መኖሩን አንባቢው ይረዳ ነበር። የበለጠ እንዲያያዝላት ከፈለገች ደግሞ «አይ ሃቭ ቢን ቲቺንግ ስቱደንትስ ፎር ቱ የርስ» ትላለች፤ ይህ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ የሚባለው ሲሆን «ላለፉት ሁለት ዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ አሁንም እያስተማርኩ ነው» እንደማለት ነው።

ያኔ ደብዳቤውን ስናነብ ስህተቱ ያልታየን ለምንድን ነው? በአማርኛ «ለሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ» ስንል አቁመን ይሁን አላቆምን ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን አይለይም፤ ሰሚው ከወሬው ይረዳዋል። እንግሊዝኛው ግን በግሱ መልክ ይለየዋል። እኛ በአማርኛ እያሰብን ስላነበብነው ጎደሎው አልታየንም።

አማርኛችን የሚያሳስተን አራት ቦታዎች

የቅርብ ዘመድ ነው ማለት አንድ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ስህተታችን የሚመጣው ከእነዚህ አራት ነው።

1. «ትናንት» እና «የስተርዴይ»። በአማርኛ «ትናንት ደውዬልሃለሁ»፣ «ሰኞ ዕለት አስረክቤያለሁ» ማለት ምንም ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን ያለፈ፣ የተዘጋ ጊዜ ከተጠቀሰ ፕረዘንት ፐርፌክት አይገባም። «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ስህተት ነው፤ «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ነው ትክክሉ። «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ዴይስ አጎ»፣ «ኦን መንዴይ»፣ «ኢን 2015» የሚሉት ሁሉ በሩን ይዘጋሉ። «ዌን» ብለን ስለ ያለፈ ነገር ስንጠይቅም እንዲሁ ነው፤ «ዌን ሃቭ ዩ ሰብሚትድ?» አይባልም፣ «ዌን ዲድ ዩ ሰብሚት?» ይባላል።

2. «አልበላሁም»። ይህን ልብ በሉት፣ ብዙ የሚያሳስተን እሱ ነው። አማርኛ ሲያጸና ሁለት መልክ አለው፤ «በላሁ» እና «በልቻለሁ»። ሲያፈርስ ግን ለሁለቱም «አልበላሁም» ይላል። «ትናንት አልበላሁም» እና «ገና አልበላሁም» ስንል ግሱ አልተለወጠም። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ናቸው፤ «አይ ዲድ ኖት ኢት የስተርዴይ» እና «አይ ሃቭ ኖት ኢትን የት»። ለዚህ ነው «ገና አልጨረስኩም» ለማለት «አይ ዲድንት ፊኒሽ የት» የምንለው። በአሜሪካውያን የዕለት ንግግር ይህ አነጋገር ይሰማል፤ በፈተናና በመደበኛ ጽሑፍ ግን «አይ ሃቭ ኖት ፊኒሽድ የት» ብሎ መጻፍ ነው የሚሻለው። ዘዴው ቀላል ነው፦ በአማርኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ገና» ወይም «እስካሁን» ማስገባት ከቻላችሁ «ሃቭ ኖት» በሉ።

3. «ሆነኝ»። «እዚህ ግቢ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ ብዙዎቻችን «አይ አም ሂር ሲንስ ስሪ የርስ» እንላለን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስህተት ነው። አንደኛ «አይ አም» ሳይሆን «አይ ሃቭ ቢን» ነው። ሁለተኛ «ሲንስ» ሳይሆን «ፎር» ነው። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት ይነግራል፦ «ፎር ስሪ የርስ»፣ «ፎር ቱ ማንስ»። «ሲንስ» ደግሞ የተጀመረበትን ነጥብ ይነግራል፦ «ሲንስ መንዴይ»፣ «ሲንስ 2006»። ከ«ሲንስ» በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ የዚያ ግስ አብዛኛውን ጊዜ ሲምፕል ፓስት ነው፦ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ሲንስ አይ ጆይንድ ዚስ ዩኒቨርሲቲ»፤ ዩኒቨርሲቲው ከገባሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልብ በሉ፣ አማርኛው «አውቀዋለሁ» ብሎ በአሁን ጊዜ ሲናገር እንግሊዝኛው «ሃቭ ኖውን» ይላል።

4. «ገባኝ»፣ «ራበኝ»፣ «መጣሁ»። እነዚህ በአማርኛ ያለፈ ጊዜ መልክ አላቸው፤ ትርጉማቸው ግን አሁን ነው። መምህሩ አስረድቶ «ገባችሁ?» ሲል መልሳችን «የስ፣ አይ አንደርስታንድ» ነው። «ራበኝ» «አይ አም ሀንግሪ» ነው፣ «ደከመኝ» «አይ አም ታየርድ» ነው። ከዶርም በር ላይ ሲጠሩን «መጣሁ!» የምንለው ደግሞ «አይ አም ካሚንግ» ነው። እነዚህን ወደ ፕረዘንት ፐርፌክትም ወደ ሲምፕል ፓስትም አትጎትቷቸው።

በሩ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?

አንዳንድ የጊዜ ቃላት እንደ አነጋገራችን በሩን ይከፍታሉ ወይም ይዘጋሉ። «ዚስ ዊክ» የሚለውን እንውሰድ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሳምንቱ አላለቀም። በዚህ ሳምንት ሁለት ጁዝእ የቀራ ወንድም «አይ ሃቭ ሬድ ቱ ጁዝእ ዚስ ዊክ» ይላል፤ ሳምንቱ ገና ስላለ ሦስተኛውን ሊጨምር ይችላል። ያለፈውን ሳምንት ሲናገር ግን «አይ ሬድ ቱ ጁዝእ ላስት ዊክ» ነው፤ ያ ሳምንት ተዘግቷል፣ አይጨመርበትም። እግረ መንገዳችንን «ሪድ» የሚለው ግስ ሲጻፍ በሦስቱም መልክ አንድ መሆኑን፣ ሲነበብ ግን «ሪድ፣ ሬድ፣ ሬድ» መሆኑን አስተውሉ።

ረመዳንም ጥሩ ምሳሌ ነው። በወሩ አሥረኛ ቀን ከኢፍጧር በኋላ «ዊ ሃቭ ፋስትድ ቴን ዴይስ ሶ ፋር» እንላለን፤ «እስካሁን አሥር ቀን ጾመናል»። ወሩ ካለቀና ዒድ ካለፈ በኋላ ግን ስለዚያ ረመዳን ስናወራ «ዊ ፋስትድ» ነው። ድርጊቱ ያው ጾም ነው፤ የተለወጠው እኛ የቆምንበት ቦታ ነው።

የሰው ሕይወትም እንደዚሁ ነው። በሕይወት ስላለ ሰው ክንዋኔ ስንናገር በሩ ክፍት ነው። ሙክታር እድሪስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ፣ በ2019 ደግሞ ዶሃ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ዓመቱን ሳንጠቅስ «ሙክታር ሃዝ ወን ዘ ወርልድ ታይትል ትዋይስ» እንላለን። ዓመቱን ከጠቀስን ግን «ሙክታር ወን ዘ ታይትል ኢን 2017» ይሆናል፤ ቀኑ በሩን ዘጋው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን አሸንፏል። እሱ በ1973 ስለሞተ ዓመት ብንጠቅስም ባንጠቅስም «አበበ ወን» ነው የምንለው፤ «ሃዝ ወን» ካልን በሕይወት ያለ ያስመስላል። ልብ በሉ፣ በአማርኛው «አሸንፏል» ማለታችን ምንም አላስቸገረንም። ቦታስ? ሐረር ጁጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ አሁንም ቅርስ ነው። ስለዚህ ስለ ምዝገባው «ኢት ዋዝ ሊስትድ ኢን 2006»፣ ስለ ቅርስነቱ ደግሞ «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 2006» እንላለን።

ወሬ በምን ይጀመራል፣ በምን ይቀጥላል?

በንግግር ውስጥ ሁለቱ ጊዜያት ተራ ይጠባበቃሉ። ወሬው በፕረዘንት ፐርፌክት ይከፈታል፣ ዝርዝሩ በሲምፕል ፓስት ይተረካል።

«ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ደሴ?»
«የስ፣ አይ ሃቭ።»
«ዌን ዲድ ዩ ጎ?»
«አይ ዌንት ዘር ላስት ሰመር። አይ ስቴይድ ዊዝ ማይ አንክል።»

«ሃቭ ዩ ኤቨር» ብሎ የጀመረ ሰው «መቼ» ሲል ወዲያው ወደ «ዲድ» ተሻገረ። በቃለ መጠይቅም እንዲሁ ነው። «ሃቭ ዩ ኤቨር ወርክድ ኢን ኤ ቲም?» ስትባሉ «የስ፣ አይ ሃቭ» ብላችሁ፣ ከዚያ አንድ የሠራችሁትን ሥራ በሲምፕል ፓስት ተርኩ።

በጆሮ ለመያዝ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ተናጋሪዎቹ «አይ ሃቭ» አይሉም፣ «አይቭ» ይላሉ፤ «ሺ ሃዝ» የሚለውም «ሺዝ» ይሆናል። «ሺዝ» ደግሞ «ሺ ኢዝ» ከሚለው ጋር በድምፅ አንድ ነው። የሚለየው ተከታዩ ግስ ነው። «ሺዝ ኢቲንግ» ከሆነ እየበላች ነው፤ «ሺዝ ኢትን» ከሆነ በልታለች።

በኢሜይልና በጥናታዊ ጽሑፍ

ለአማካሪ መምህራችን ስንጽፍ ሁለቱም ጊዜያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገናኙ ይችላሉ፦ «አይ ሰብሚትድ ማይ ፕሮፖዛል ላስት መንዴይ፣ በት አይ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ኤኒ ፊድባክ የት»። ማስረከቡ ቀን ስላለው ተዘግቷል፤ መልሱ ግን ገና እየተጠበቀ ስለሆነ ክፍት ነው። ፋይል ስናያይዝ ደግሞ «አይ ሃቭ አታችድ ማይ ፕሮፖዛል» እንላለን፤ ፋይሉ አሁን ከኢሜይሉ ጋር አለና።

ተመራቂ እህቶችና ወንድሞች ይህን በተለይ ያዙ። የቀደሙ ጥናቶችን በምትዳስሱበት ምዕራፍ ላይ ስለ ዘርፉ በጥቅሉ ስትናገሩ ፕረዘንት ፐርፌክት ይስማማል፦ «ሜኒ ስተዲስ ሃቭ ሾውን…» ወይም ክፍተቱን ስታሳዩ «ፊው ስተዲስ ሃቭ ኤግዛሚንድ…»። ምክንያቱም እውቀቱ እስከ ዛሬ እየተከማቸ ያለ ነው። የራሳችሁን ሥራ በምትገልጹበት የአሠራር ምዕራፍ ላይ ግን ነገሩ አልቋል፦ «ዊ ኮሌክትድ ዘ ዳታ ኢን ማርች»። «ዊ ሃቭ ኮሌክትድ ዘ ዳታ ኢን ማርች» ብላችሁ ከጻፋችሁ አማካሪያችሁ በቀይ ያሰምርበታል፣ መብቱም ነው።

እንለማመድ

መልሱን ሳታዩ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ከእያንዳንዱ በፊት ጥያቄያችንን ጠይቁ፤ ስለ ትናንት ነው ወይስ ስለ አሁን?

1. የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ።
2. የቤት ሥራዬን ሰኞ ዕለት ጨርሻለሁ።
3. ዙሁር ገና አልሰገድኩም።
4. ጅማ ሄደሽ ታውቂያለሽ?
5. ፋጡማ የለችም፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች።
6. እዚህ ዶርም ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን።
7. አሁን ገባኝ።
8. ባለፈው ሴሚስተር አራት ኮርስ ወስጃለሁ፤ በዚህ ሴሚስተር እስካሁን ሁለት ፈተና ተፈትኛለሁ።

መልሶቹ፦

1. «አይ ሃቭ ፊኒሽድ ማይ ሆምወርክ።» ጊዜ አልተጠቀሰም፤ ውጤቱ አሁን አለ።
2. «አይ ፊኒሽድ ማይ ሆምወርክ ኦን መንዴይ።» አማርኛው «ጨርሻለሁ» ቢልም «ሰኞ» በሩን ዘግቶታል።
3. «አይ ሃቭ ኖት ፕሬይድ ዙሁር የት።» «ገና» አለበት፤ ወቅቱም አልወጣም።
4. «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ጅማ?»
5. «ፋጡማ ኢዝ ኖት ሂር፤ ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዘ ላይብረሪ።» ስላልተመለሰች «ጎን» ነው።
6. «ዊ ሃቭ ቢን ኢን ዚስ ዶርም ፎር ቱ የርስ።»
7. «ናው አይ አንደርስታንድ።»
8. «አይ ቱክ ፎር ኮርስስ ላስት ሴሚስተር፤ አይ ሃቭ ቴክን ቱ ኤግዛምስ ሶ ፋር ዚስ ሴሚስተር።» ያለፈው ሴሚስተር ተዘግቷል፤ ይኸኛው ክፍት ነው።

ከስምንቱ ስድስት ያገኘ ትምህርቱን ይዞታል። ሁለተኛውንና ስምንተኛውን የሳተ «ትናንት» እና «የስተርዴይ» የሚለውን ክፍል ይመለስበት፤ ሦስተኛውን የሳተ «አልበላሁም» የሚለውን ደግሞ ያንብብ።

በመጨረሻም ከዚህ ጽሑፍ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ቀድሞ የጻፋችሁት የሕይወት ታሪክ ገለጻ ወይም የማመልከቻ ደብዳቤ ካላችሁ ዛሬ ማታ አውጡት። አሁንም የምትሠሩትን ሥራ፣ አሁንም የምትማሩትን ትምህርት፣ አሁንም የምታገለግሉበትን ኮሚቴ በሲምፕል ፓስት ጽፋችሁት ከሆነ አስተካክሉት። ሳታቆሙ ያቆማችሁ አስመስላችሁ አትጻፉ። ለእርስ በርስ እርማትም ተለዋወጡት፤ አንባቢው ግን እንደኛ «ማሻአላህ» ብሎ ብቻ አይለፈው፣ እያንዳንዱን ግስ ይጠይቅ።

እህታችን ደብዳቤዋን አስተካክላለች። ቅዳሜ ቅዳሜም ማስጠናቷን ቀጥላለች። ከእንግዲህ «ለምን አቆምሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም፣ ኢንሻአላህ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።